ሆድ ከበሮ ሆኖ ሚዛኑ ሲቆም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የ26 ዓመት ወንድ ናቸው፤ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ78 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደታቸው 56 ኪሎ ግራም። ሐኪም መርምሯቸው በሽታ አላገኘባቸውም። 10 ኪሎ ለመጨመር ቆርጠው በቀን 3,500 ካሎሪ መብላት ከጀመሩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት 2 ኪሎ ጨመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ አልነቃነቅ አለ። «ማታ ሆዴ ከበሮ ይሆናል፤ ስተኛ ቃሩ ጉሮሮዬ ድረስ ይወጣል፤ ጠዋት ምግብ ሳይ ያቅለሸልሸኛል። ልታገሰው ወይስ ልተወው?» ይላሉ። ቁርስ እንደማይበሉ፣ ምሳቸውን ሥራ ቦታ በጥድፊያ እንደሚውጡ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ትልቅ ሰሃን ሩዝ በሥጋ በልተው ከላዩ ላይ ግማሽ ሊትር ወተት በክብደት መጨመሪያ ዱቄት በጥብጠው እንደሚጠጡ፣ አራት ሰዓት ላይም እንደሚተኙ ጨምረው ጽፈዋል።

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት በር ብቻ ከፍተውልኛል፤ እኔ ግን በሁለቱም አልገባም። መተው የለብዎትም። የሰውነትዎ ክብደት ለቁመትዎ ሲመዘን ምጣኔው (በእንግሊዝኛ BMI የሚባለው) 17.7 ነው፤ ከ18.5 በታች ያለ ሰው ክብደት ልጨምር ቢል እሰየው የሚያሰኝ ነው። መታገስም የለብዎትም። ብዙ ሰዎች የሆድ ጭንቅን እንደ ግብር ያዩታል፤ ካልተከፈለ ክብደት የማይመጣ ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። ሆድዎ የሚጮኸው በመብላትዎ ሳይሆን በአንድ ጊዜ በሚገባው ብዛት፣ በሚገባበት ሰዓትና በአንድ ሁለት የምግብ ዓይነቶች የተነሳ ነው። እነዚህ ሁሉ ሊስተካከሉ ይችላሉ።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። 3,500ን ከየት እንዳመጡት አልነገሩኝም፤ ግን ለእርስዎ የተሰፋ ልብስ አይደለም። በእርስዎ ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት ያለ ወንድ ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ቢውል እንኳ 1,550 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። በመጠኑ እየተንቀሳቀሰ ለሚውል ሰው ይህ ወደ 2,300 ያድጋል። ክብደት ለመጨመር ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ትርፍ ከ300 እስከ 500 ካሎሪ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ቁጥር 2,700 አካባቢ ነው ማለት ነው። እርስዎ ግን 1,200 ትርፍ ጫኑበት፤ ሰውነትዎ በ400 የሚሠራውን ሥራ ጨጓራዎ በሦስት እጥፍ ጭነት እንዲሠራው ተጠየቀ። በዚህ በቀነሰው ቁጥር በሳምንት ከሩብ እስከ ግማሽ ኪሎ ይጨምራሉ፤ 10 ኪሎው ከአምስት እስከ ዘጠኝ ወር ይወስዳል። ረጅም መስሎ እንደሚታይዎት አውቃለሁ። ነገር ግን በሦስት ሳምንት ተማርሮ ከመተው ይሻላል።

«እንዲያ ከሆነ 3,500 እየበላሁ ለምን ቆመ?» ማለትዎ አይቀርም። የመጀመሪያው 2 ኪሎ አብዛኛው ሥጋ አልነበረም። ሰውነት ስኳርን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ በግላይኮጅን መልክ ሲያከማች እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። በዚያ ላይ አንጀት ውስጥ ያለው ምግብ ራሱ ይመዝናል፤ ጨውም ውኃ ይይዛል። ያ ግምጃ ቤት ከሞላ በኋላ ሚዛኑ እውነተኛውን ዝግታውን ያሳያል እንጂ አልቆመም። ሁለተኛ፣ ወረቀት ላይ 3,500 ተጽፎ አፍ የገባው ግን ያን ያህል ላይሆን ይችላል፤ ጠዋት የሚያቅለሸልሸው፣ ምሳውን የሚጣደፍ ሰው ይህን ያህል ይበላል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ የሰው ልጅ አካል ተንኮል ነው። ጄምስ ሌቪን የተባሉ በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት 16 ፈቃደኞችን ለ8 ሳምንት በየቀኑ 1,000 ካሎሪ ትርፍ አበሏቸው። ትርፉ ለሁሉም እኩል ነበር፤ የጨመሩት ስብ ግን ከ0.36 ኪሎ እስከ 4.23 ኪሎ ተለያየ። ልዩነቱን በአብዛኛው ያመጣው ሳያውቁት የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ነበር፤ መቁነጥነጥ፣ መቆም፣ ወዲያ ወዲህ ማለት። አንዳንድ ቀጭን ሰው ሲበላ እግሩ አያርፍም። እርስዎም ከነዚህ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ፤ መድኃኒቱ ግን ሰሃኑን መቆለል አይደለም።

አሁን ወደ ሆድዎ እንምጣ። ሰው የሆድ ጭንቅ ሲነግረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ያምዎታል?» ሳይሆን «ከበሉ በኋላ ስንት ሰዓት ቆይቶ ነው?» ብዬ ነው። ሰዓቱ ቦታውን ይነግረኛል። ማዕድ ላይ እያሉ ወይም እንደተነሡ የሚመጣ ውጥረትና ቁንጣን የጨጓራ ነው። ጋደም ሲሉ የሚመጣ ቃር በጨጓራና በምግብ ቧንቧ መካከል ያለው በር ጉዳይ ነው። ግማሽ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ግማሽ ቀን ቆይቶ የሚመጣ ጩኸት፣ ነፋትና ፈስ ደግሞ የአንጀት ነው። እርስዎ ሦስቱም አለብዎት፤ ሦስቱም ከዚያች ከአንዷ እራት ይነሣሉ።

እራቷን ጠጋ ብለን እንያት። ባዶ ጨጓራ ጥቂት ማንኪያ ፈሳሽ ብቻ የሚይዝ የታጠፈ ከረጢት ነው። ምግብ ሲመጣ የላይኛው ክፍሉ ይላላና ያለ ብዙ ጭንቅ አንድ ሊትር ወይም ትንሽ አለፍ ያለ ይቀበላል። የእርስዎ ሩዝ፣ ሥጋና ግማሽ ሊትር ወተት ተደምሮ ያንን ልክ ይነካል፤ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ብቻ ሲቀበል ለዋለ ጨጓራ ደግሞ ይብስበታል። ይህ የመጠኑ ነገር ነው። የጊዜው ይብሳል። ጨጓራ ምግቡን ወደ ትንሹ አንጀት የሚለቀው እንደ ቧንቧ ውኃ ሳይሆን በጠብታ ነው፤ በግምት በደቂቃ ከ2 እስከ 4 ካሎሪ። እራትዎ 1,500 ካሎሪ ይጠጋል። ጨጓራዎን በጣም ቀልጣፋ ነው ብለን በ4 እንኳ ብናሰላው ከስድስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የተበላው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ገና አልወረደም፤ በመካከለኛ ፍጥነት ካሰላነው ደግሞ ጎሕ እስኪቀድ አብሮዎት ያድራል። የጠዋቱ ማቅለሽለሽ ምስጢር ይኸው ነው። ሆድዎ ቁርስ አልጠላም፤ እራቱን አልጨረሰም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እራቷን ለሁለት መክፈል ነው። ግማሹ ወደ ቀን ይሻገር። መጀመሪያ ላይ ጠዋት ምንም እንደማይገባልዎት ስለማውቅ ትልቅ ቁርስ አላዝም። ለሦስት አራት ቀን አንድ ሙዝ ወይም አንድ ቁራጭ ዳቦ ብቻ ይብሉ፤ ቀዝቀዝ ያለና ሽታ የሌለው ምግብ ለሚያቅለሸልሸው ሰው ይቀላል። እራቱ ቀደም ብሎና ቀለል ብሎ ማለፍ ሲጀምር ቁርሱ ራሱ ቦታ ያገኛል። ቀኑ ውስጥ ሦስት መካከለኛ ማዕድና በመሃል ሁለት ወይም ሦስት ትናንሽ መክሰስ ይኑርዎት፤ በየሁለት ሰዓት ተኩል ወይም በየሦስት ሰዓቱ። ርሃብን አይጠብቁ። በቂ የማይበላ ሰው ርሃቡ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ሰዓት ይቁጠሩ።

ሁለተኛው ሥራ ቦታ ሳይዝ የሚያበረታ ምግብ መምረጥ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ያንኑ ያህል ከተቀቀለ ድንች ለማግኘት 140 ግራም መብላት ያስፈልጋል። ከሩዝ ሰሃኑ ላይ ሲሶውን ይቀንሱና በቀረው ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ግማሽ አቮካዶ ይጨምሩ፤ ካሎሪው ብዙም ሳይነካ ሆዱ ግን ይቀልላል። አንድ ማንኪያ ግን፤ ሦስት አይደለም። ስብ ትንሹ አንጀት ሲደርስ «በሩን ቀስ በል» የሚል መልእክት ለጨጓራ ይልካል፤ ሲበዛ ምግቡ ይዘገያል፣ ማቅለሽለሹም ይመለሳል። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንዲት ታካሚ በእያንዳንዱ ማዕድ ላይ ሦስት ማንኪያ ዘይት አዘዝኩ። የወረቀቱ ሒሳብ እንከን አልነበረበትም። በአራተኛው ቀን በተቅማጥ ተዳክመው መጡ፤ ከዚያ በኋላ የዘይት ሽታ ራሱ ያስመልሳቸው ነበር። አንጀታቸው የእኔን ወረቀት አላነበበም። ዛሬ በየሦስት ቀኑ ግማሽ ማንኪያ እያልኩ ነው የማሳድገው።

ፈሳሽ ምግብ ለእርስዎ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ከጠጣር ምግብ ቀድሞ ከጨጓራ ይወጣል፣ ጥጋቡም አይከብድም። ችግሩ እርስዎ የተጠቀሙበት ሰዓት ነው። ከሰሃን በላይ የተደፋ ግማሽ ሊትር መጠጥ ምግብ ሳይሆን ጎርፍ ነው። በሁለት ማዕድ መሃል፣ ጠዋት አራት ተኩል እና ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ያድርጉት። እኔ የማዝዘው እንዲህ ያለ ነው፦ አንድ ሙዝ፣ አንድ ብርጭቆ ያልተጣራ ስቡ ያለበት እርጎ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ። ተፈጭቶ ከ400 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ካሎሪው ግን 400 ይሞላል፤ ለቀኑ የሚያስፈልግዎት ትርፍ በሙሉ እዚያች ብርጭቆ ውስጥ አለ። በአንድ ትንፋሽ አይጨልጡት፤ ሥራዎን እየሠሩ በግማሽ ሰዓት ይጨርሱት። የማዝዘውን ራሴ መቅመስ አለብኝ ብዬ አንድ ሳምንት ጠጥቼዋለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ጣዕሙ ሰልችቶኝ ብርጭቆውን ከወረቀት ጀርባ ደብቄው ነበር። ስለዚህ ጣዕሙን ይቀያይሩ፤ ቀረፋ፣ ካካዎ፣ ማንጎ፣ የወደዱትን።

ከበሮው ደግሞ የወተቱ ሥራ ይመስለኛል። ግማሽ ሊትር ወተት ወደ 25 ግራም ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር አለው። ይህን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባለው ኢንዛይም በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ውስጥ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ 12 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ያህል፣ ያለ ችግር ይወስዳል፤ ከዚያ ያለፈው ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና ባክቴሪያዎች አፍልተው ጋዝ ያደርጉታል። እርስዎ በአንድ ጊዜ እጥፉን ነው የሚወስዱት። የዱቄቱንም ቆርቆሮ አዙረው ያንብቡ። የወተት ዱቄት ካለው ላክቶሱ ይጨምራል፤ ኢኑሊን (የአሰር ዓይነት)፣ ሶርቢቶል ወይም ማልቲቶል (የስኳር ምትክ ማጣፈጫዎች) የሚል ካገኙ ደግሞ እነሱም ሆድ የሚነፉ ናቸው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ለአንድ ሳምንት ወተቱንም ዱቄቱንም ይተዉ። ከበሮው ከረገበ ግማሽ ብርጭቆ ወተት ከምግብ ጋር ይመልሱና ይጠብቁ። እርጎን ብዙ ሰው ከወተት ይልቅ ይችለዋል፤ ባክቴሪያዎቹ የላክቶሱን ሥራ ያግዛሉ። ዱቄቱን በተመለከተ፣ በእኔ ሚዛን ለእርስዎ አያስፈልግም፤ ከላይ ያለችው ብርጭቆ ትተካዋለች።

ለነፋት ሌሎችም ትናንሽ ምክንያቶች አሉ። በጥድፊያ የሚውጥ ሰው አየር አብሮ ይውጣል፤ የምሳዎ ግሳት ከዚያ ነው። ለስላሳ መጠጥ ጋዙን ይዞ ይገባል። ጥራጥሬ መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን ወትሮ የማይበላው ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰሃኑን በጥራጥሬ ከሞላ ሌሊቱን ሙሉ ሆዱ ይጮኻል፤ ቀስ በቀስ ሲገባ አንጀት ይለምደዋል። ጥሬ ሰላጣ ከማዕድ በፊት አይብሉ፤ ቦታ ይይዛል እንጂ ካሎሪ የለውም። ውኃም በብዛት በማዕዶች መሃል እንጂ ከምግብ ጋር አይሁን።

ስለ ቃሩ። በበላ በአንድ ሰዓት የሚተኛ ሰው የሞላ ጠርሙስ ያለ ክዳን በጎኑ ያጋደመ ማለት ነው። በጨጓራና በምግብ ቧንቧ መካከል ያለው የጡንቻ ቀለበት ጥሩ ጠባቂ ነው፤ የተወጠረ ጨጓራ ግን ያሸንፈዋል። ከመጨረሻው ማዕድ እስከ መኝታ ሦስት ሰዓት ይኑር። ከሥራ የሚገቡት አምሽተው ከሆነ ዋናውን ማዕድ ከሥራ ከመውጣትዎ በፊት ይብሉና ቤት ሲገቡ ትንሽ ነገር ብቻ ይቅመሱ። በግራ ጎን መተኛት ይረዳል፤ በዚያ አኳኋን ጨጓራው ከምግብ ቧንቧው መግቢያ ዝቅ ብሎ ይተኛል። የአልጋውን ራስጌ እግሮች በ15 ወይም በ20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግም እንዲሁ። ትራስ መደራረብ ግን ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናል፤ ጥቅሙ ከጉዳቱ አይበልጥም። ከእራት በኋላ ቀበቶ ይፍቱ፤ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ በዝግታ ይራመዱ። ካሎሪ ያቃጥልብኛል ብለው አይሥጉ፤ የሚያቃጥለው ኢምንት ነው፣ የሚያቀልለው ግን ብዙ። የቃር ማስታገሻ ኪኒን አልፎ አልፎ መውሰድ ክፋት የለውም። በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ቃር የሚመጣና ምግቡን ካስተካከሉ በኋላም የሚቀጥል ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ሰው በጽሑፍ ስለ ሰገራ ማውራት ያፍራል። በየስንት ቀኑ ይወጣሉ? ሩዝ፣ ሥጋና ዱቄት የበዛበት፣ ውኃ ያነሰበት አመጋገብ ሆድ ያደርቃል፤ ታችኛው በር ሲዘጋ ደግሞ የላይኛውም ይዘገያል። አንድ የደረቀ ሆድ ብቻውን ነፋት፣ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት መቀነስን ማምጣት ይችላል። የበሰለ አትክልት፣ ፍራፍሬና አጃ ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ከቁርስ በኋላ ሳይጣደፉ መጸዳጃ ቤት ይቀመጡ፣ እግርዎን ዝቅ ያለ መርገጫ ላይ ያሳርፉ። ከምግብ በኋላ ትልቁ አንጀት የሚንቀሳቀስበት ተፈጥሯዊ ሰዓት ነው፤ ቁርስ የማይበላ ሰው ይህንንም ያጣል።

ከበሉ በኋላ ላብና ሙቀት ከተሰማዎት አይደንግጡ፤ በተለይ ፕሮቲን ሲፈጭ ከካሎሪው ከ20 እስከ 30 በመቶው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ወራት ሲያልፉ ሱሪ ይጠብባል፣ ጭን ከጭን ይፋተጋል፣ ቆዳ ላይ ቀጫጭን መስመር ሊታይ ይችላል። ልብሱን አስቀድመው ይግዙ፤ የጠበበ ቀበቶ ቃር ከማባባሱም በላይ ሰውን በየቀኑ «ወፈርክ» እያለ ያሳቅቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን በጥብቅ። «ምግብ የሚያስበላ»፣ «የሚያወፍር» እየተባለ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ኪኒን አይንኩ። ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታሶን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ወይም ሳይፕሮሄፕታዲን የሚባለው የአለርጂ መድኃኒት ነው። ዴክሳሜታሶን ፊት ያሳብጣል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የኢንፌክሽን መከላከያን ያዳክማል፤ ለብዙ ጊዜ ወስዶ በድንገት ያቆመ ሰው ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢው ተኝቶበት ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በዚያ የሚመጣው ክብደት ውኃና ስብ ነው፤ ጡንቻው ግን ይሰለስላል።

ይህን ጽሑፍ ሌሎችም ስለሚያነቡት፣ ለእርስዎ የማይሠራ ነገር ግን ሊታለፍ የማይችል ነገር ልጨምር። ከ10 ቀን በላይ ምግብ ያልቀመሰ ወይም እዚህ ግባ የማይባል ብቻ የበላ፣ ምጣኔው ከ16 በታች የሆነ፣ ወይም ባለፉት ከሦስት እስከ ስድስት ወር ከክብደቱ ከ15 በመቶ በላይ ያጣ ሰው በራሱ ምግብ እንዳያበዛ። በረጅም ርሃብ ላይ የነበረ አካል በድንገት ሲመገብ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ሊያሽቆለቁል፣ ልብም ሊታወክ ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከእስር የወጡ የተራቡ ሰዎች ላይ በምግብ ማግሥት ሞት የታየው በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሐኪም ክትትል ሥር፣ በደም ምርመራ፣ ቫይታሚን ቢ1 አስቀድሞ እየወሰደ ነው የሚጀምረው። ምግብ ከጨመሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የእግር እብጠት፣ ከልክ ያለፈ የልብ መምታት፣ የትንፋሽ ማጠርና የመደናገር ስሜት ከታየ ነገ አይባልም።

እርስዎም ቢሆኑ ምግብ ሲውጡ የሚቀረቀር ከመሰለዎት፣ ካስመለሱና ከደጋገመዎት፣ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካለበት፣ ቅባታማ ሆኖ ውኃ ላይ ከተንሳፈፈ፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ከመጣ፣ ወይም በደንብ እየበሉ ክብደትዎ ወደ ታች ከሄደ የእኔን ምክር ያስቀምጡና ወደ ሐኪም ይመለሱ። ባለፈው ምርመራ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) እና የስኳር ምርመራ መካተቱንም ይጠይቁ።

ሚዛን ላይ በየቀኑ ጠዋት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምግብ ሳይቀምሱ ይውጡ፤ ነገር ግን የአንዱን ቀን ቁጥር ትተው የሰባቱን ቀን አማካይ ብቻ ይመልከቱ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አማካዩ ግማሽ ኪሎ ካልጨመረ በቀን 200 ካሎሪ ይጨምሩ፤ የሚጨምሩት ግን ቁርሱ ላይ ይሁን፣ እራቱ ላይ አይደለም።